ጭድ የበላው ስሚንቶ

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል አብተውን የአራት ዓመት ልጁን ዘመናይን ንዳድ ነጠቀው። አዳማ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቀበራት። በማግስቱ ሲሄድ ጅብ መቃብሩን አንድ ክንድ ያህል ጭሮት አገኘ። የአዳማ አፈር እንደ አመድ ነው፤ ለጫረው ሁሉ ይለቅቃል። መልሶ ደፈነና ድንጋይ ከመረበት። ጅቡ ድንጋዩን አንከባሎ እንደገና ጫረ። ከዚያ ወዲህ ተሻለች የምትባለው እናቷ እህል አልቀመሰችም።

አብተው ቤት መራጊ ነው። ባቡር በመጣ ቀን ደግሞ ከፉርጎ ጭነት ያወርዳል። ፈረንጆቹ ለባቡሩ ድልድይ ያፈሰሱት ስሚንቶ ላይ ዶማ ሲነጥር በዓይኑ አይቷል። ሲያቦኩት ግን አላየም፤ ሥራቸው አጠገብ ሰው አያስደርሱም። መቃብሩን የሚደፍንበት ስሚንቶ ፍለጋ ሄዶ የፈረንጁ የጣቢያ አለቃ፣ የሙሴው፣ እግር ላይ ወደቀ። ሙሴውም ከተቀደዱ ጆንያዎች ተጠራርጎ የተጠራቀመውን ሰጠው፤ ሩብ ጆንያ ቢሆን ነው።

«ይቺማ ለአንድ ጉልቻም አትበቃ» አለው አብሮት የሚሸከመው ሰንበታ።

«በጭድ አበዛታለሁ።»

«ስሚንቶ ጭድ ይበላል? በሬ መሰለህ እንዴ?»

«ጭቃን የሚያጸናው ምንድን ነው? ጭድ አይደለም?»

ሰንበታ ሄዶ ለበሬው ካስቀመጠው የጤፍ ጭድ አንድ ሸክም አመጣለት።

አብተው ከመቃብሩ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ስሚንቶውን፣ አሸዋውንና ጭዱን በውሃ አራሰና በእግሩ ይረግጠው ጀመር። ውስጥ እግሩን ፈጀው። አላቋረጠም። ሲጨርስ ቅጠል አለበሰው።

«ለምን ዛሬውኑ አትለጥፍላትም?» አለች ተሻለች።

«ሳይቦካ የተለጠፈ ይሰነጠቃል። ጭቃ እንኳ ሦስት ቀን ይተኛል። ታገሺ።»

እሱና እሷ መቃብሩን እየተፈራረቁ ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ቅጠሉን ገልጦ አካፋውን ሰደደ። አካፋው ነጠረ። ውሃ አፈሰሰበት፤ ረገጠው፤ ተንበርክኮ በጥፍሩ ቧጠጠው። ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ሆኗል።

«ቦክቷል?» አለች ተሻለች ከኋላው።

አብተው ከጉድጓዱ ወጣ።

ሰንበታን ጠራና ዙሪያውን ቆፍረው በአጣና ፈነቀሉት። ለሁለት ተሰበረ። ጭድ የበዛበት ወገን እጃቸው ላይ ፈረሰ። የቀረውን፣ የአንድ ሰው ደረት የማያክለውን፣ ሦስት ሆነው እየጎተቱ መቃብሩ ላይ አደረሱት። ከግማሽ በላይ አይሸፍንም።

«ሌላ ይሰጡህ እንደሆነ ሙሴውን ብትለምነው» አለ ሰንበታ።

«አንተን ልጠራ ስመጣ ለምኜው ነበር። በውሻ አስባረረኝ።»

ፀሐይዋ ወደ ሞጆ በኩል አዘቅዝቃለች። አብተው የስሚንቶውን ድንጋይ እንደያዘ ወደ ሚስቱ ዞረ።

«በየት በኩል ላድርገው?»

ተሻለች አፈሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ፊቷን ሸፍንልኝ» አለች።