ግማሽ ፊት ያየሁበት እሁድ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የመስቀል ሰሞን እርድና ግብዣ አልፎ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው በተመለሰበት ጊዜ ነው። ቦታው በዴሳ የምትባል የወላይታ ከተማ፣ ቀኑ እሁድ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንዲትን ሴት ሳላመሰግን የዋልኩበት ቀን ያለ አይመስለኝም።

እኔ ወላይታ ሶዶ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አስተረጉማለሁ። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ እንግዳ ሰባኪ ሲመጣ በአማርኛ ይሰብካል፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ከሥር ከሥር ወደ ወላይትኛ እመልሳለሁ። ሥራው የራሱ ደንብ አለው። ሰባኪው “እኔ” ካለ አስተርጓሚውም “እኔ” ይላል። “እሳቸው እንዲህ አሉ” ብሎ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ሰባኪው “ሚስቴን ያገኘኋት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው” አሉ። እኔም ኮስተር ብዬ ሚስቴን ዩኒቨርሲቲ አገኘኋት። ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ላይ በሳቅ ፍርስ አለ። እስከ ዛሬ ሲያበሽቀኝ “ሚስትሽ ደህና ናት?” ይለኛል።

ከዚያ እሁድ በፊት ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ደርሶብኝ ነበር። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነው። ብየዳ ያየ ሰው ዓይኑ ላይ የሚቀርበት ዓይነት ትንሽ ነጥብ ታየኝ። ዓይኔን ባሽ፣ ባሽ፣ አልሄድ አለ። ነጥቡ እየሰፋ ሄዶ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነና ይብለጨለጭ ጀመር። ከፊቴ የተቀመጠችውን ተማሪ ሳያት ግማሽ ፊቷ የለም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ለቀቀኝ። ከዚያ በአንድ በኩል ያለው ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ልብስ ሳጥብ መጣብኝ።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴም ጭምር። አባቴ ዓይኑ የጠፋው ገና በጉልምስናው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የማነብለት፣ ለቅሶ ቤት እጁን ይዤ የምወስደው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያ ነገር ሲመጣብኝ “እንግዲህ ተራው የእኔ ነው” አልኩ። ሐኪም ቤት ብሄድ “አዎ፣ ልትታወሪ ነው” የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። ካልሄድኩ ደግሞ ያልተነገረኝ ነገር የማይደርስብኝ መሰለኝ። የተማረ ሰው እንዲህ ያስባል ወይ ብትሉኝ፣ አዎን፣ ያስባል።

ያን እሁድ በጠዋት ሚኒባስ ይዤ ወደ በዴሳ ሄድኩ። ላስተረጉም ስሄድ የመጾም ልማድ ስለነበረኝ ከቅዳሜ ምሳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጸሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ልክ እኔ በቆምኩበት ላይ አርፏል። ሰባኪው ጥቅስ ጠርተው “አንብቢልን” አሉኝ። የወላይትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገለጥኩ። የመስመሩ መካከል የለም።

“ጌታ ሆይ፣ አሁን አይሁን፤ ሰው ፊት አይሁን” አልኩ በልቤ። የታየኝን ያህል አንብቤ ቀና ስል የሰባኪው ከረባት አለ፣ ቀኝ ጆሯቸው አለ፣ የቀረው ፊታቸው የለም። እሳቸው ቀጥለው ተናገሩ። እኔ ዝም። እጄን አንስቼ የት ጋ እንደሚጠፋ ለማየት ፊቴ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ አንቀሳቀስኩት። ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ያ የሚብለጨለጭ ነገር ዓይኔን ጨፍኜም አለ። ይሄኔ እንባዬ መጣ። በቃ፣ አለቀልኝ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ምእመኑ ያየው ምንድን ነው? አስተርጓሚዋ ዝም አለች፤ እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ ዓይኗን ጨፍና አለቀሰች። እኛ ዘንድ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። መጀመሪያ ከኋላ አንዱ “ሃሌሉያ!” አለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሳ፤ እልልታው ቀለጠ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ ደግሞ ማን አዘዘው፣ ጀመረ። ሰባኪውም ወደ እኔ ዞረው “ጌታ በዚህች እህት እየሠራ ነው!” አሉ።

ጉዴን ልንገራችሁ? ልማድ ሆኖብኝ ተረጎምኩት። በእንባ በታፈነ ድምፅ፣ “ጌታ በዚህች እህት እየሠራ ነው” አልኩ በወላይትኛ። ከዚያ በኋላ እልልታውን ማን ያስቁመው!

ወንበር ሰጥተውኝ ተቀመጥኩ፤ ስብከቱም በጸሎት አለቀ። ግማሽ የጠፋው ፊት እየተመለሰ፣ ራስ ምታቱ እየገባ ነበር። ሹልክ ብዬ ወደ መናኸሪያ ልሄድ ስል ሰው ከበበኝ። ከሁሉ ቀድመው እጄን የያዙኝ አንዲት በዱላ የሚሄዱ እናት ነበሩ። እማማ አየለች ይባላሉ። ሁለቱም ዓይናቸው ነጭ ነገር ሸፍኖታል።

“ልጄ፣ ምን አሳየሽ?” አሉኝ። “ማክሰኞ ሶዶ ለዓይኔ ቀጠሮ አለኝ። ሞራውን ሊያነሱልኝ ነው። ቢላውን ፈርቻለሁ። ‘ቅሪ፣ እኔ እፈውስሻለሁ’ ብሎሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልሄድም።”

ደነገጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር ሐሳቤ። ሰው ‘ራእይ አየች’ ቢለኝ ምን ይጎዳኛል፣ ‘ታወረች’ ከሚለኝ ይሻላል። አሁን ግን እኚህ ሴት በእኔ ዝምታ ቀጠሯቸውን ሊተዉ ነው።

“እማማ፣ ምንም አላየሁም” አልኳቸው። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ ደገምኩት። “ራእይ አይደለም። ታምሜ ነው። የሰው ፊት ግማሹ አልታየኝ ብሎ ነው ያለቀስኩት።”

አንዳንዱ ቅር ብሎት ሄደ። አንድ ሽማግሌ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ “ትሕትናዋን ተመልከቱ” አሉ። ምን ላድርግ!

እማማ አየለች እጄን አልለቀቁም። “ታዲያ ሕመምተኛ ሆነሽ በዚህ ጸሐይ የት ልትሄጂ ነው? ቤቴ እዚህ ነው፤ ነይ” አሉኝ። ሄድን። ማየት የማይችሉት ሴት እኔን፣ ሁለት ዓይን ያለኝን፣ “ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ” እያሉ መሩኝ። ቤት ገብተን በሩን ዘጉልኝ፤ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ አሰሩልኝ፤ ሳስታውክ ጀርባዬን ደገፉኝ። እናት ለልጇ የምታደርገውን ሁሉ አደረጉልኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ የተቀቀለ ጎደሬ በሚያቃጥል የዳጣ ማባያ አቀረቡልኝ። እየበላሁ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የተማሪዋን ፊት፣ አባቴን፣ ፍርሃቴን። እሳቸውም የእሳቸውን ነገሩኝ። ለካ አንዲት ጎረቤት “ዓይንሽን አውጥተው፣ አጥበው ነው የሚመልሱት” ብላ አስፈራርታቸዋለች። እያመመኝ ሳቅኩ።

“እማማ፣ እንደዚያ አይደለም። ማክሰኞ እኔ መናኸሪያ ጠብቄ እወስድዎታለሁ። ዶክተሩ ወላይትኛ ባይችል እንኳ አስተረጉምልዎታለሁ” አልኳቸው።

“ለራስሽስ?”

“ለራሴ ሌላ ቀን።”

ጎደሬውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ይህን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ሴትዮዋን አላወቅኳቸውም ነበር።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሶዶ ሆስፒታል አብረን ገባን። የዓይን ሐኪሙ ከሌላ አካባቢ የመጣ ወጣት ነው፤ ወላይትኛ አይችልም። እኔ መሐል ተቀመጥኩ። “ማዘር፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?” ሲል እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸው ሲመልሱ “ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው፤ ቢላ እፈራለሁ፤ ዓይኔን እንዳታወጣብኝ” እላለሁ። ዶክተሩ እየሳቀ ቀዶ ጥገናው እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን። እማማ አየለች ትከሻቸው ሲላላ ታየኝ።

ሁሉም አልቆ ልንነሳ ስንል እማማ ዱላቸውን መሬት ላይ ደገፍ አድርገው በወላይትኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

“ይህንንም ንገሪው” አሉኝ። “ይህቺ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ታማለች። የሰው ፊት ግማሹ ይጠፋባታል፤ መጋዝ የመሰለ ብርሃን ይታያታል። አባቷ ዓይነ ስውር ስለነበር እሷም የምትታወር መስሏት ለባሏ እንኳ አልተናገረችም። እሷን ሳታያት እኔ ከዚህ አልነሳም።”

ዶክተሩ “ምን አሉ?” አለኝ።

“አመሰግናለሁ ነው የሚሉት” አልኩ።

እማማ አየለች አማርኛ አይሰሙም። ጆሮ ግን አላቸው። “ምነው አጠረ?” አሉኝ። “እኔ ብዙ ነው ያልኩት።”

ዶክተሩ ባይገባውም ከፊቴ የሆነ ነገር አነበበ መሰለኝ፣ ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቀኝ። ማምለጫ አልነበረኝም። በሥራዬ ደንብ ጀመርኩት፤ እማማ አየለችን ሆኜ። “ይህቺ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ታማለች” አልኩ። “የሰው ፊት ግማሹ ይጠፋባታል። አባቷ…” እዚያ ላይ ሌላ ሰው ሆኜ መጨረስ አቃተኝ። “እኔ ነኝ፣ ዶክተር። የምታወረው እኔ ነኝ” ብዬ ተንሰቀሰቅኩ።

ዶክተሩ አልቸኮለም። ዓይኔ ውስጥ ጠብታ ጨምሮ፣ አስጠብቆ፣ በመሣሪያ መረመረኝ። የዓይኔን ግፊትም ለካ። እንዴት እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከዚያ ራሴን ያመኝ እንደሆነ፣ የአባቴም ዓይን እንዴት እንደጠፋ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ዓይኔን ስጨፍን ይጠፋ እንደሆነም ጠየቀኝ። “አይጠፋም” ስለው ራሱን ነቀነቀ።

“ዓይንሽ ጤነኛ ነው፣ እህቴ” አለኝ። “ይሄ ማይግሬን ይባላል። መብራቱን የሚሠራው ዓይንሽ ሳይሆን አንጎልሽ ነው፤ ስትጨፍኚም የማይጠፋው ለዚያ ነው። ብዙ ሰው አለበት። አባትሽን የያዘው በሽታ በአንቺ ላይ የለም፤ ለጥንቃቄ በየዓመቱ መጥተሽ ታዪ።”

ሳይበሉ መዋል፣ እንቅልፍ ማጣትና የሚያንጸባርቅ ብርሃን እንደሚቀሰቅሱት ነገረኝ። ስለ ራስ ምታቱ ወደ ሌላ ሐኪም ጻፈልኝ። አንድ ቀን የጠፋው ሳይመለስ ከቀረ፣ ወይም እጄ ከዛለና አንደበቴ ከተያዘ ግን ሳልውል ሳላድር እንድመጣ አጥብቆ አስጠነቀቀኝ።

እማማ አየለች “ምን አለሽ?” እያሉ ይጎትቱኛል። ስነግራቸው “ተመስገን!” ብለው ዱላቸውን ጥለው አቀፉኝ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ ያየን ነበር፤ ግድ አልነበረንም። ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። በጣም ተቆጣ፤ እስከዚያን ቀን ብቻዬን በመሸከሜ ነው የተቆጣው። ከዚያ እሱም አለቀሰ።

የእማማ አየለች አንድ ዓይን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አጠገባቸው ነበርኩ። ዓይናቸውን ርግብ ርግብ አድርገው ግድግዳውን አዩ፤ ነርሷን አዩ፤ ከዚያ እኔ ላይ ቆሙ። ትክ ብለው አዩኝ።

“ተናገሪ እስቲ” አሉ።

“እማማ፣ እኔ ነኝ” አልኩ።

“አንቺ ነሽ? ልጅ እግር ነሽ እንዴ! በድምፅሽ ትልቅ ሴት መስለሽኝ ነበር እኮ።” ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ከግንባሬ እስከ አገጬ ተመለከቱኝ። “ሙሉ ነው” አሉ።

ማይግሬኑ ዛሬም ይመጣብኛል። ሲጀምረኝ ክኒኔን እውጣለሁ፤ ተማሪዎቼን በየራሳችሁ አንብቡ ብዬ ቁጭ እላለሁ። ላስተረጉም ስሄድ ጠግቤ ነው የምሄደው፤ ጾሜን በሌላ ቀን አደረግኩት። ያመኛል፣ አልዋሽም፤ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ይጥለኛል። ሲለቀኝ እነሳለሁ።

እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ቀጥሎ እማማ አየለችን አመሰግናለሁ። የማያውቋትን አስተርጓሚ በዝምታዋ ልተዋት ቢሉ ማን ይወቅሳቸው ነበር? በዚያ ፍርሃት በኖርኩበት ጊዜ ጠዋት ስነቃ መጀመሪያ የማደርገው ጣራውን አይቼ “ዛሬም ይታየኛል” ማለት ነበር። አሁን ስነቃ የማስበው ስለ ቁርስ ነው።