ደጃችን ላይ የምትጠብቀው ልጅ

ይሄ የሰካራም ልጆች የሚጽፉት የሕይወት ታሪክ ነገር አድክሞኛል፤ ግን አልተወውም። ትናንትም አርካዊት ሰፈር ባለችው ክፍሌ፣ መብራት ሄዶ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ በላብ ተጠምቄ አንዱን ሳነብ፣ ጸሐፊው አባቱ ከውጭ ሲገባ የኮመጠጠ ተምር ይሸት እንደነበር የሚያነሣበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ሽታውን አውቀዋለሁ። የተምር አረቄውን የምታወጣው የእኔ እናት ነበረቻ!

ልጅ ሳለሁ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር በተከራየነው ግቢ፣ ዚሩ፣ ያ ትልቁ የውሃ ጋን፣ ቀን ከሌት እያንጠባጠበ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ስለሚያርሰው፣ የተቆፈረው ካልተቆፈረው አይለይምና እናቴ ጠርሙሶቿን እዚያ ትቀብር ነበር። አገሩ የእስላም ነውና አረቄ ክልክል ነው፤ ፖሊስ ድንገት ይገባል። አንድ ቀን ቤቱን ገለባብጠው ምንም ሲያጡ፣ ሙቀቱ አድክሟቸው ከዚያው ዚር ውሃ ቀድተው ጠጡና እናቴን መርቀው ሄዱ። ሳምንት ሙሉ ስትስቅ ከረመች።

ከደንበኞቿ አንዱ ኡስታዝ የምንለው የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ሰልማ የምትባል ልጁን ይዞ ይመጣና ደጃፍ ላይ ትቷት ይገባል፤ ግድግዳ ተደግፎ እስኪወጣ ድረስ እኔና እሷ ቅልልቦሽ እንጫወታለን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሐበሻዋ ልጅ እያለ ስለሚሸሸኝ፣ ከሰልማ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

አንድ ቀን ጠጠሮቹን ሰብስባ መዳፌ ላይ አስቀመጠችና፣ «ለእናትሽ ንገሪያት። ነገ አባቴን፣ አልቋል ትበለው» አለችኝ።

የክርስቲያን ልጅ ሆኜ ሳለ፣ ወላሂ እነግራታለሁ ብዬ ማልኩላት። አልነገርኳትም። ብነግራት እናቴ እሺ ትል ነበር፤ እሱን ነው የፈራሁት። ኡስታዝ ካልመጣ ሰልማም አትመጣማ!

በማግሥቱ አባቷ እንደ ልማዱ ሲገባ፣ ሰልማ አየት አደረገችኝና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ በኋላ ቅልልቦሽ አልተጫወትንም። ብዙም ሳይቆይ ኡስታዝ ሞተ፤ ሰልማንም አጎቷ ከወንዝ ማዶ ወዳለው ባሕሪ ወሰዳት።

ከተማውን ያፈራረሰው ጦርነት ጋብ ሲል ዴም ሄጄ ነበር። ጣሪያው የለም፣ ዚሩ ተሰባብሯል፣ እናቴም ካረፈች ቆይታለች። ደጃፉ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩና ተመለስኩ።

ሳነብ የሚያዩኝ ጎረቤቶቼ፣ ምን ያስለቅስሻል፣ ሌላ መጽሐፍ ጠፋ ወይ ይሉኛል። ምናልባት ሰልማም የአባቷን ታሪክ ጽፋው ይሆናል ብዬ ነው፤ በየገጹ የምፈልገው፣ ወላሂ ብላ የዋሸቻትን የሐበሻዋን ልጅ ነው።