የእማ ኮስትር ቅጣት

ተማሪዎቹ «እማ ኮስትር» ነው የሚሏት። ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴውም ሰብሳቢ ናት። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ፊቷን ያየ ሰው ሳቅ የማታውቅ ይመስለዋል እንጂ ሆደ ቡቡ ናት።

አጥፊ ሲመጣላት አትገርፍም፣ አታንበረክክም። ከትምህርት በኋላ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ወዳለው የካሮት መደብ ትወስደውና አብራው አረም ትነቅላለች። ያለው ጓንት አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ ግራውን ለራሷ፣ ቀኙን ለአጥፊው። ምክር የሚባል ነገር ከአፏ አይወጣም። «እንዴት ሰነበትክ?» ትልና ዝም ትላለች፤ ያኔ ልጁ የሆዱን ይዘረግፈዋል። እኔ ይሄ ቅጣት አይዋጥልኝም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ እያሞላቀቅሻቸው ነው» እላታለሁ።

«አንተ ፊዚክስህን አስተምር፤ በማያገባህ ጥልቅ አትበል» ትለኛለች።

ድምቢጥ የምንላት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ አለች። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ አክስቷ ቤት ነው የምትኖረው። አክስቷ ክፉ አይደለችም፤ የሚበላም የሚለበስም አላጓደለችባትም። ሥራ ወጥሮ ስለያዛት ግን ልጅቷን ቁጭ ብሎ ማናገሩን ረስታዋለች። ድምቢጥም «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላ፣ ክፍል ውስጥ መኖሯ እንኳ ሳይታወቅ ነበር የምትማረው። አንድ ቀን አረፈደችና ወደ ካሮቱ ተላከች። እዚያ እማ ኮስትርን ምን ብላ ጠየቀቻት መሰላችሁ?

«ቲቸር፣ እናቴ እንድትድን ብዙ ጸልዬ ነበር። ጸሎት አልችልበትም ማለት ነው?»

«የኔ ልጅ፣ ጸሎትሽ ምንም አልጎደለውም» አለቻት እማ ኮስትር። «ለምን እንደሞተች ግን እኔም አላውቅም።» አብረው አለቀሱ፤ ከዚያም አረማቸውን ቀጠሉ።

በሳምንቱ ያቺ ጭምት ልጅ ትምህርት መሃል አፏጨች። እንደገና ካሮት። ቀጥላ ደግሞ የርዕሰ መምህሩን መስኮት በድንጋይ አደቀቀችው፤ ያውም ሰውየው ውስጥ ተቀምጦ! ቱግ አለ። በትምህርት ቤቱ ደንብ ሦስተኛ ጥፋት ያስባርራል። «ያንቺ ካሮት ያመጣው ጣጣ ነው! ነገ ትሰናበታለች» ብሎ እማ ኮስትር ላይ ጮኸባት። እኔንም «ብዬሽ አልነበር!» ልላት አፌን እየበላኝ ነበር።

እሷ ግን ድምቢጥን ኮሪደሩ ላይ አስቁማ ጠየቀቻት። «ምን ነካሽ? ለምን ሰበርሽው?»

«እንዲቀጡኝ።»

«ካሮቱ ጋ መምጣት ካማረሽ ዝም ብለሽ አትመጪም ነበር?»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየቻት። «ሳላጠፋ ማን ይጠራኛል?»

እማ ኮስትር እዚያው በቆመችበት እንባዋ መጣ። ወዲያው ዞራ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። በተሰበረው መስኮት ድምጿ እስከ ማረፊያ ክፍላችን ይሰማ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው! ያጠፋውን ስጠራ ዝም ያለውን ረስቼዋለሁ። ማባረር ካለብዎት እኔን ያባርሩኝ።» ሰውየው ብዙ አጉረመረመ። በመጨረሻ «ሁለታችሁንም መስኮቴ አጠገብ እንዳላያችሁ!» ብሎ ድምቢጥን በማስጠንቀቂያ አለፋት።

በማግስቱ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እነድምቢጥን ሳስተምር እማ ኮስትር በሩ ላይ ቆመች።

«ድምቢጥ፣ ስትጨርሺ ነይ።»

ክፍሉ ተንጫጫ። «አሁን ደግሞ ምን አጠፋች?»

«ምንም። ስለምፈልጋት ነው።»

ድምቢጥ ደወሉን ሳትጠብቅ ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች። ጫጫታውም ረገበ። ይሄኔ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ሳስተምራት ድምጿን ሰምቼው አላውቅም።

«ቲቸር» አለች፣ «እኔም ምንም አላጠፋሁም።»