በሽማግሌ ፊት የመጣ ማስታወቂያ

ናይሮቢ ውስጥ ሴት ልጅ ያለው ሀበሻ ሁሉ ጋሽ ባንታየሁን ያውቃቸዋል። ሽማግሌ ሊመጣ ነው የተባለ እንደሆነ የልጅቷ አባት መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነው፤ "በእኛ በኩል ይቀመጡልን" ይላቸዋል። እሳቸውም ኢስትሊ ያለውን የመጋረጃ ሱቃቸውን በጊዜ ዘግተው፣ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ይሄዱና ከሴቷ ወገን ይሰየማሉ። የወንዱ ሽማግሌዎች "ልጃችሁን ለልጃችን" ብለው ሲጨርሱ ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል። ጋሽ ባንታየሁ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ ኮርኒሱን ትንሽ ያያሉ፣ ከዚያ "ማን አላችሁት ልጁን?" ይላሉ፤ ስሙን በሕይወታቸው ገና አሁን የሰሙ ነው የሚመስሉት። ልጁ ለዓመታት እዚያው ሳሎን ውስጥ እራት ሲበላ የኖረ ቢሆንም እንኳ።

ይሄ ውሸት አይደለም፣ ወግ ነው። የሴት ቤት ምንም አያውቅም፤ ደንግጧል፤ ዘመድ ማማከር አለበት፤ ዘር እስከ ሰባት ቤት መቆጠር አለበት። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሱ። በዚህ ሥራ ጋሽ ባንታየሁን የሚስተካከላቸው አልተገኘም። መሃል ከተማ ምግብ ቤት ያላቸውን አቶ ተክሉን፣ ለወንድማቸው ልጅ ሚስት ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ፣ በዚያ በዝናብ ወራት ደጋግመው አመላልሰዋቸዋል። አቶ ተክሉ እስከዛሬ ያን በጭቃ ያለቀ ጫማቸውን ሲያነሱ ይመርራቸዋል።

እንግዲህ ተራው ለራሳቸው ለጋሽ ባንታየሁ ደረሰ። ከዚያ በፊት ግን ስለ ኮምፒውተሩ መነገር አለበት።

አሮጌው ኮምፒውተር አንድ ቀን አልነሳም አለ። ጋሽ ባንታየሁ ሌላ ሊገዙ መሃል ከተማ ወረዱ፤ እዚያም አፉ ቅቤ የሆነ አንድ ሻጭ በግማሽ ዋጋ ገደማ የሚሸጥ አዲስ ኮምፒውተር አሳያቸው። የርካሽነቱ ምክንያት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነበር፤ ማለትም ኮምፒውተሩን ከሥር ይዞ የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራም። እሱን የሠራው ድርጅት የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ከስክሪኑ በስተቀኝ የማይዘጋ ሰፊ ጥግ አለ፤ ማስታወቂያው እዚያ ይመላለሳል። ሻጩ "ምዜ፣ አባቴ፣ ቀሪውን እርስዎ አይከፍሉም፤ ማስታወቂያው ይከፍልልዎታል" አላቸው። ጋሽ ባንታየሁ በሕይወታቸው የሚከፍልላቸው ሰው አጋጥሟቸው ስለማያውቅ ደስ ብሏቸው ይዘው ገቡ።

ልጃቸው ሐሊና ሥራዋ ኮምፒውተር ላይ ነው። ማታ ሳውዝ ሲ ወዳለው ቤታቸው ስትገባ ዕቃውን አየችው፣ ከፈተችው፣ እጇን አገጯ ላይ አደረገች።

"አባዬ፣ ሲሪየስሊ? ማስታወቂያ ያለበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም?"

"ምን አለበት? ሲስተሙ በነጻ ነው።"

"እኮ! ችግሩ እሱ ነው።"

"የነጻ ነገር ችግር የሆነው በእናንተ ዘመን ነው" አሉ ጋሽ ባንታየሁ፣ ክርክር ስለሚወዱ ወንበራቸውን እያስጠጉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ የሰማሁት ማን ከፍሎልኝ መሰለሽ? የሳሙና ነጋዴ ነው የከፈለልኝ። እሱ ስለ ሳሙናው ይለፈልፋል፣ እኔ ዜናዬን እሰማለሁ። ሚኒባሱ ማታቱ ላይስ ከጎማው በላይ ያልተለጠፈ ማስታወቂያ አለ? ተሳፍረሽ ትሄጂ የለም እንዴ!"

"ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማህም። ማታቱም ስትወርድ ይሄዳል። ይሄ ግን አባዬ፣ ቤቱ ራሱ ነው። የምትጽፈው፣ የምትፈልገው፣ የምታየው፣ ሁሉም በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ያንን እያየ ነው ማስታወቂያ የሚመርጥልህ። ለናይሮቢ ሕዝብ መጋረጃ ትሸጣለህ፣ የራስህን መስኮት ገልጠህ ትተኛለህ።"

ይቺ ነገር ትንሽ ጠቅ አድርጋቸዋለች። ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። "ለአንቺማ ቢሮሽ ይገዛልሻል" አሏት። "የሱቅ ጎረቤቴ የአብዱልአዚዝ ልጆች የሚያጠኑት እንዲህ ባለው ኮምፒውተር ነው። ማስታወቂያው ባይኖር ኮምፒውተሩም አይኖርም። ምን ይሁኑ?"

ነገሩ እውነት ነበር። "እሺ፣ ለእነሱስ ይሁን" አለች ሐሊና። "ግን ገንዘብ የሌለው ሰው በገመናው ይክፈል ማለት ነው?"

"የእኔ ገመና መጋረጃ ነው። ይዩት!" አሉና ክርክሩን አሸንፌያለሁ ብለው ተነሱ። እናትየዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በዚህ መሃል ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው መነጽራቸውን አድርገዋል። "እንዴ፣ ይሄ ድስት ቅናሽ አለው እኮ!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ጋር ወዳጅ ሆኑ።

ወራት አለፉ፣ የሐሊናና የዮአብ ነገርም እየተገለጠ መጣ። ዮአብ አንድ ዓለም አቀፍ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ ረጋ ያለ ልጅ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት፤ የሚኖረው ሩዋካ ነው። ከሳውዝ ሲ ሩዋካ ለመድረስ ናይሮቢን ከነመኪናዋ ሁሉ ማቋረጥ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ሲቆረጥ ጋሽ ባንታየሁ ሚስታቸውን ጠርተው መመሪያ ሰጡ።

"በዚህ ቤት ዮአብ የሚባል ሰው አይታወቅም። ሠርግም ታስቦ አያውቅም።"

"ማን ነው ዮአብ?" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ትናንት ለዮአብ ቋንጣ የላኩበትን ዕቃ እያጠቡ።

ሰው ሁሉ ጋሽ ባንታየሁ ለክብራቸው ሲሉ የሚያጓትቱ ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ሐሊና አንድ ልጃቸው ናት። ዮአብን ይወዱታል፣ ምርቃታቸውንም አዘጋጅተዋል፣ ግን ያቺ ልጅ ማታ ማታ በሩን ከፍታ ሳትገባ ስትቀር ቤቱ ምን እንደሚመስል ሊያስቡት አልቻሉም። በዚህ ሁሉ ወግ ውስጥ ለአባት የተተወለት ያ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ጥያቄው ቀርቦ መልሱ እስኪሰጥ ድረስ ልጅህ ገና የአንተ ናት፤ ማንም አይቸኩልብህም። ለሰው ሁሉ ሲያስከብሩለት የኖሩትን ያን ሁለት ሳምንት አሁን ለራሳቸው ፈለጉት፤ በጣም ፈለጉት።

እሑድ ከሰዓት ሆነ። ታላቅ ወንድማቸው ጋሽ ዮፍታሄ አዲስ አበባ ስለሆኑ በቪዲዮ እንዲገኙ ተወስኗል፤ የቤተሰቡ ታላቅ ሳይሰማ ልጅ አትጠየቅም። ሐሊና "በእኔ ላፕቶፕ ይሁን" ብላ ለምና ነበር።

"የእኔ ምን ሆነ? ታሟል?" አሉና በእልህ የራሳቸውን ኮምፒውተር ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር በገመድ አገናኙት። ጋሽ ዮፍታሄ ከነሻሻቸው ግድግዳውን ሞሉት። በስተቀኛቸው አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ይመላለሳል። ጋሽ ባንታየሁ ሳሙናውን ሲያዩ እንደ ድሮ ወዳጅ ፈገግ አሉለት። ሐሊና በወጉ መሠረት ወደ ማድ ቤት ገባች፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። መሪያቸው አቶ ተክሉ ናቸው፤ አዲስ ጫማ አድርገዋል። ሁለተኛው የሱቅ ጎረቤታቸው አቶ አብዱልአዚዝ፣ ሦስተኛው ከአየር መንገድ ጡረታ የወጡ አንድ ዝምተኛ ሰው። አቶ ተክሉ ተነሥተው፣ አሳምረው፣ ሳይቸኩሉ "ልጃችሁን ሐሊናን ለልጃችን ለዮአብ" አሉ።

ጋሽ ባንታየሁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ኮርኒሱን አዩ።

"ማን አላችሁት ልጁን?"

"ዮአብ።"

"አናውቀውም። እንዲያው ድንገተኛ ነገር ነው የሆነብን። በዚህ ቤት ስለ ሠርግ ተነሥቶም አያውቅ።"

ይህን ሲሉ ሳሙናው ሄደና በቦታው አበባ የሞላበት ትልቅ አዳራሽ መጣ። ቴሌቪዥኑ ሰፊ ነው፣ ጽሑፉም ጉልህ ነው። አቶ አብዱልአዚዝ ደግሞ ያዩትን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብለው የማንበብ ልማድ አላቸው፤ እንግሊዝኛውንም እዚያው ወደ አማርኛ ይመልሱታል።

"'ደግመው ደጋግመው ያዩት የሠርግ አዳራሽ አሁንም ይጠብቅዎታል'" ብለው አነበቡ። "ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው።"

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጋሽ ባንታየሁ ሳል ይዟቸው ሳሉ። "ማስታወቂያ ነው። ለሰው ሁሉ ነው የሚያሳየው" አሉ።

አዳራሹ ሄዶ ባለ ብዙ ፎቅ ኬክ መጣ። ቀጥሎ ድንኳን። ቀጥሎ "'የመረጡት የሙሽራ ቬሎ ቅናሽ ተደርጎበታል'" አሉ አቶ አብዱልአዚዝ። ዝምተኛው ጡረተኛ ፊታቸውን በመሀረብ ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋሽ ባንታየሁ ሚስታቸውን ገላመጧቸው።

"እኔ ድስት ብቻ ነው ያየሁት" አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሹክሹክታ።

ወዲያው አንድ ቦርጫም ፈረንጅ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ብቅ አለ። "'ለሙሽራ አባት፤ ወገቡ ለሰፋ'" አሉ አቶ አብዱልአዚዝ። ይሄን የፈለጉት ወይዘሮ ጥሩወርቅ አለመሆናቸው ለሁሉም ግልጽ ነበር። ሳቁ ከማድ ቤትም ጭምር ፈነዳ። አዲስ አበባ ያሉት ጋሽ ዮፍታሄ ማስታወቂያው አይታያቸውም፤ "ምንድነው? ምን ተባለ? አይሰማም!" እያሉ በስክሪኑ ላይ ይጮኻሉ።

ጋሽ ባንታየሁ ሊያጠፉት ተነሡ፤ ግን ካጠፉት ታላቅ ወንድማቸውን በጥያቄው መሃል ማባረራቸው ነው። ቆመው ቀሩ። እንደቆሙም ሌላ መጣ፦ ቢጫ ቀለም የተቀባ ፎቅ፣ በረንዳው ላይ የአበባ ማሰሮ።

"'ለአዲስ ተጋቢዎች፤ ባለ ሁለት መኝታ፤ ሳውዝ ሲ'" ብለው አነበቡ አቶ አብዱልአዚዝ። "'በየቀኑ እየመጡ የሚያዩት ቤት ገና አልተከራየም። ከ…'" እዚህ ላይ ድምፃቸው ወረደ። "'ከሚኖሩበት በእግር ደቂቃዎች ብቻ ይርቃል።'"

ሳቁ ቆመ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸውን ቀና ብለው አዩ፤ ይሄን እሳቸውም አያውቁም ነበር። ጋሽ ባንታየሁ ስለዚህ ቤት ለሰው አልተናገሩም። ልጅቷ ከባሏ ጋር ሩዋካ መሄዷ ያለ ነው፤ አባት "ደጄ ላይ ኑሩልኝ" ብሎ አይለምንም፤ እሳቸውም አይለምኑም። በየቀኑ ሱቃቸውን ዘግተው ሲገቡ ግን ኮምፒውተሩ ላይ በረንዳውን ያዩት ነበር። አሁን ገመናቸው በትልቁ ቴሌቪዥን ላይ ተሰቅሎ ቆመ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ያን ጊዜ አቶ ተክሉ፣ ያ ሁሉ ዝናብ የወረደባቸው ሰው፣ ወንበራቸውን ቀስ ብለው አዞሩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጡ። ሌሎቹም ሁለት ተከትለው ዞሩ። አቶ አብዱልአዚዝ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

"እኛ እንግዲህ ያየነውም የሰማነውም ነገር የለም" አሉ አቶ ተክሉ ለመስኮቱ። "ልጃችንንም አታውቁትም፤ ነገሩም ድንገተኛ ሆኖባችኋል። ዘመድ ማማከር አለባችሁ። መቼ እንመለስ?"

"ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አላችሁ?" አሉ ጋሽ ዮፍታሄ።

"ኔትወርክ ነው" አሏቸው አቶ ተክሉ ሳይዞሩ።

ጋሽ ባንታየሁ ቀኑን ሊቆርጡ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ማሽኑ ያየውን ሁሉ ዘከዘከው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ዓይናቸው እያየ ጀርባ ሰጡለት፤ እሳቸው በዚህ መሃል እንዴት ብለው "አናውቀውም" ይበሉ? ወደ ማድ ቤቱ በር ዞሩና ወግ የማይፈቅደውን አደረጉ።

"ሐሊና፣ ነይ እስቲ። አንቺ ተናገሪ። ዛሬውኑ ካልሽም ዛሬ ይሁን።"

ሐሊና ወጣች። ሽማግሌዎቹን እጅ ነሳች፤ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ቢጫ ቤት ነበር የምታየው። ዓይኗ እንባ ሞልቶታል፤ እየሳቀችም ነበር።

"ይሄን ኦፕሬቲንግ ሲስተም አጠፋዋለሁ" አለች። "ግን ነገ አይደለም። መጀመሪያ አድራሻውን ልያዝ። ዛሬም አይሁን፣ አባዬ። ሁለት ሳምንት እፈልጋለሁ። እኔና አንተ ቅዳሜ ሄደን ቤቱን እናየዋለን።"

ጋሽ ባንታየሁ መልሱን ለሽማግሌዎቹ ማስተላለፍ ነበረባቸው። እሳቸው ግን የልጃቸውን እጅ ይዘው ቆሙ። አቶ ተክሉ ኮታቸውን አነሡ።

"ሁለት ሳምንት ተብሏል" አሉ። "ሰምተናል።"