ሽንኩርታችንን የነቀለው ወታደር

ያን ጊዜ ካገባሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከባሌና ከእናቱ፣ ከአማቴ ጋር ከደብረ ታቦር ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ባለች ጠባብ መሬት ሽንኩርትና ጎመን እናለማለን። በልግ ሲገባ፣ ሌላው ሰው ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ እኛ ከወንዙ ውሃ ጠልፈን በቦይ እናጠጣ ነበር።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ ከተማው ላይ ጦር ሰፈረ። መጀመሪያ ጎተራችንን አራቆተ፤ ቀጥሎ አጥራችንን ነቅሎ አነደደ። የጎረቤታችን ልጅ በሬዬን አልሰጥም ቢል በጦር ወግተው ገደሉት። እሱ በተቀበረ ማግስት እኔና አማቴ ችግኝ ልንተክል ተነሣን።

ባሌ፣ "ዛሬስ ይቅርባችሁ" አለ።

"ችግኙ ከመደቡ ተነቅሏል። ዛሬ ካልተተከለ ለማን ሊሆን ነው?" አሉና አማቴ ዶማቸውን ይዘው ቀደሙኝ።

ግማሹን እንደ ተከልን አንድ ወታደር ጠመንጃውን አንግቶ ቦዩን ተሻገረ። ብቻውን ነው። ሰላምም አላለን። ጎንበስ ብሎ ለዘር ያቆየነውን ሽንኩርት እየነቀለ በኩታው ይቋጥር ጀመር።

"ተው ልጄ፣ እሱ የዘር ነው። ጎመኑን ውሰድ" አሉት አማቴ።

"ዝም በይ አንቺ አሮጊት!" አለና አዲሱን ችግኝ ከዳር እስከ ዳር ረገጠው፤ ዓይን ዓይናችንን እያየ ረገጠው።

አማቴ በዶማው ጀርባ ግንባሩን አሉት። ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም። ጠመንጃውን አዙሮ በሰደፉ ክንዳቸውን ሲመታቸው አጥንቱ ቀው ሲል ሰማሁ። ሁለተኛ ራሳቸውን ሊል ሲያነሣ ከኋላው ዘልዬ ተጠመጠምኩበትና ጆሮውን ነከስኩት። ተያይዘን ቦዩ ውስጥ ወደቅን። እኔ ከላይ ሆንኩ። ፀጉሩን ጨምድጄ ፊቱን ውሃው ውስጥ ደፈቅሁት። አፌን ደም ሞልቶታል፤ የእሱ ይሁን የእኔ አላውቅም። ልለቀው አላሰብኩም።

ያላቀቁን ባሌና ልጁ የሞተበት ጎረቤታችን ናቸው፤ ጩኸት ሰምተው መጥተው ነው። ወታደሩን በጠፍር አሰሩት። ጎረቤታችን ጦሩን ሰበቀ።

አማቴ የተሰበረ ክንዳቸውን እንዳቀፉ መሐል ገቡ። "ልጅህን የገደለው እሱ ነው?"

"ምን ለየው? ያው ወታደር ነው!"

"እሱ ካልሆነ ተወው። ብትገድለው አገሩን ሁሉ ያነዱታል።"

ሰውዬው ጦሩን በአማቴ ጎን አሳልፎ የወታደሩ ጭን ላይ ሰካውና መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሴት አለቀሰ። ወታደሩን ፈታነው። እያነከሰ ሄደ። ጎረቤታችን ያኔውኑ ወደ እብናት ሸሸ። እኛ ግን የአማቴን ክንድ ሳናሳስር የት እንሄዳለን?

በማግስቱ ወታደሩ ጓደኞቹን አስከትሎ በበቅሎ መጣ። አለቃቸው፣ "ማነው የመታህ?" አለው።

ወታደሩ እኔንም አማቴንም አየን። ጆሮው በጨርቅ ታስሯል። ሁለት ሴቶች ናቸው ማለት አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ጣቱን ወደ ባሌ ቀሰረ።

ባሌን ከዛፍ ጋር አስረው ገረፉት። "እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የነከስኩት!" ብዬ ጮህኩ፤ ሳቁብኝ። ባሌ ቃል አልተነፈሰም። ጀርባው ተተልትሎ ራሱን ሲስት ቤታችንን በእሳት ለቀው ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያሉ አንድ ቄስ አስጠጉን። ባሌ በደረቱ ተኝቶ ሰነበተ። ቁስሉን ሳጥብ፣ "ለምን አልተናገርክም?" አልኩት።

"ምን ልበላቸው? እናቴና ሚስቴ ናቸው ልበል?" አለኝ። "በይ ቀስ አርገሽ እጠቢ።"

የተረፈውን ችግኝ እኔና አማቴ ተከልነው። እሳቸው ክንዳቸውን ወጌሻ አስሮላቸው በአንድ እጃቸው ያቀብሉኛል፤ እኔ እተክላለሁ። ጦሩ ከፋሲካ በኋላ በገሳይ በኩል ሄደ። ሽንኩርቱ ያዘ። ባሌ ዳነ፤ ግን ጀርባው ከዚያ ወዲያ ስላልታጠፈለት ዶማውን እኔ ወረስኩት።