ለአንዲት ሴት ስንት ስንዝር

የሴት እስረኞቹ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ የተደረደረ የአሥራ አንድ ሴቶች እግር። ዳር የነበረችው ወፍራም ሴት ሸሸት ብላ ወለሉን በመዳፏ መታ መታ አደረገች። «ነይ፣ ያንቺ ይቺ ናት።» በስንዝሬ ለካኋት፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው። ሦስት ስንዝር፣ ስልሳ ሳንቲሜትር ገደማ።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ጅማ የሥነ ሕንጻ ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት የገባሁት ዘግይቼ ስለሆነ የክፍሌ ልጆች «እትዬ» ይሉኝ ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ፣ መጋዘን ውስጥ ጥቁርና ስብርባሪ ፍሬ እየለቀሙ ቡና ለሚያጠሩ ሴቶች የሚሆን አዳራሽ ነበር። መምህሬ ንድፉን የመለሰልኝ በቀይ እንዲህ ጽፎበት ነው፦ «ቡናው ተመችቶታል። ሴቶቹስ?» ተቀይሜ ነበር። መጽሐፍ አገላብጬ ለእያንዳንዷ ስልሳ ሳንቲሜትር ሰጥቻቸው ነበር እኮ። ሳላስተካክለው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል ፖሊሶች መጥተው ወሰዱኝ። ስለታሰሩ ተማሪዎች በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ፈርሜ ነበር።

መርማሪው በዕድሜ ያንሰኛል። ጮሆብኝ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለት ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ።

«ደብዳቤውን ያረቀቀውን ሰው ስም ጻፊ። ዓርብ ወጥተሽ ንድፍሽን ታቀርቢያለሽ። ካልጻፍሽ ዓመቱ ያልፍሻል፤ ልጅ አይደለሽም።»

እውነቱን ነው፣ ልጅ አልነበርኩም። ያረቀቀችውንም ልጅ አውቃታለሁ።

ወደ ሴቶቹ ክፍል ተመልሼ ወረቀቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ፣ በተሰወረ ልጃቸው ምትክ የተያዙ የአጋሮ ሴት ነበሩ። በኦሮምኛ «ሃዳ ኮ»፣ እናቴ፣ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ለቅመዋል። ስለ አዳራሹ ነገርኳቸው።

«ለአንዷ ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

«እዚህ የተኛንባትን ያህል ነው፣ ሃዳ ኮ።»

«ወላሂ፣ ኢንተላ፣ ልጄ፣ እዚህ ያለነው ታስረን ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አፈርኩ። ሃዳ ግራ ቀኙን አስለቅቀው፣ ሲለቅሙ እንደሚቀመጡት ተቀመጡ፤ አንድ እግር ዘርግተው፣ ክርናቸውን ወደ ውጭ አውጥተው። ለካኋቸው። አራት ስንዝር ተኩል።

«ለእኔ ስድስት በይ፣ መሐንዲሷ» አለች ወፍራሟ።

«መስኮቱስ በየት ነው?» አሉ ሃዳ።

«ከጀርባችሁ።»

«እንግዲያ የራሴ ጥላ ቡናው ላይ ይወድቃል። ጥቁሩን ፍሬ በምን ዓይኔ ላየው ነው?»

ያን ጊዜ እስክሪብቶውን ከፈትኩ። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ አዳራሹን እንደ አዲስ ሣልኩት፤ ለእያንዳንዷ ዘጠና ሳንቲሜትር፣ መስኮቱ ፊት ለፊት። ሁለተኛውንም ወረቀት ጨረስኩት፣ የሰው ስም የሚጻፍበት ባዶ ቦታ እንዳይተርፍ።

ከሰዓት መርማሪው ወረቀቶቹን አገላበጣቸው።

«ስሙ የታለ?»

«ከታች፣ በስተቀኝ አለ።»

እንደ ንድፍ ደንብ ጥጉ ላይ የጻፍኩት የራሴን ስም ነበር። ስሜን አነበበ። ከዚያ ወረቀቶቹን ፋይሌ ውስጥ ከተታቸው። ዓርብ እዚያው ክፍል ውስጥ አለፈ።

ከተፈታሁ በኋላ ዓመቱን ደገምኩ። መምህሬ አዲሱን ንድፍ ሲያይ «ዘጠና ከየትኛው መጽሐፍ ነው?» አለኝ። «ተቀምጠን ለካነው» አልኩት። ሃዳን ከዚያ ወዲህ አላገኘኋቸውም፤ ለሥራ አጋሮ ስሄድ መጋዘን በር ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ።

እስር ክፍሉ ውስጥ የሣልኩት ሥዕል ምናልባት ዛሬም መርማሪው ፋይል ውስጥ ይኖራል። በችኮላ ልኬቱን ሳልጽፍበት መቅረቴ ይቆጨኛል። የሚያየው ሰው ለሴቶቹ ምን ያህል ቦታ እንደሰጠናቸው አያውቅም።