ሰማንያ ቀን እስኪሞላ

እኔና የትነበርሽ የተቀጠርነው በአንድ ቀን ነው። በአንድ ደብዳቤ፣ በእኩል ደመወዝ፣ ሺህ አንድ መቶ ብር። እኔ ጸሐፊ፣ እሷ ቀያሽ። ዛሬ የእኔ ደመወዝ አሥራ አምስት ሺህ አልፏል። የእሷን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከነገርኳችሁ ደሜ ይፈላና ታሪኩን ሳልጨርሰው እቀራለሁ።

መሥሪያ ቤታችን አራዳ ነው፤ የዋና ከተማው ሳይሆን የእኛው ከተማ አራዳ። ስሙን አልጠራውም፣ እንጀራዬ ነው። የገጠር መንገድ ያጠናል፣ ይቀይሳል። ያኔ ሴት ቀያሽ ብርቅ ነበረች፤ ይቺ ደግሞ ቀጭን፣ ድምፅዋ የማይሰማ፣ ነፋስ የሚወስዳት የምትመስል ልጅ። አንድ ጊዜ መዝገብ ልይዝ አብሬያቸው ድብ ባሕር ወጣሁ። አያ ሰውአገኝ የሚባሉ ገበሬ መኪናውን ሲያዩ መጡና፣ «ምነው፣ ወንድ አልቆ ነው ሴት የላኩብን?» አሉ። እኔ ልመልስላቸው አፌን ስከፍት እሷ ዓይኗን ከመሣሪያው ላይ አላነሳችም። ግማሽ ሰዓት ያህል ወዲያ ወዲህ ብላ ለካችና፣ «አያ ሰውአገኝ፣ መንገዱ ይኸ ችካል በተተከለበት ከሄደ ክረምት ላይ ጎርፉ አውድማዎት ውስጥ ይገባል። ስምንት ሜትር ወደ ላይ እናወጣዋለን» አለቻቸው። ከእሷ በፊት የመጣው ወንዱ ቀያሽ ይህን አላየውም ነበር። ሰውየው ሄደው ቆመው አዩት፣ ተመለሱ፣ «ሸጋ ልጅ! ሸጋ!» አሉና በነጠላዋ ጫፍ ገብስ ቆሎ ሞሉላት። መንገዱ ዛሬም እሷ ባለችው በኩል ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ ይህችን ሰው ነው በሃያ ቀን ያጠፏት።

ስድስት ዓመት ሠርታ፣ ክንዱ የሚባል ባጃጅ የሚነዳ ደግ ሰው አግብታ፣ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሴት፣ ሄለን። የመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ያኔ ከወሊድ በኋላ ስልሳ ቀን ነበር። ሴት ልጅ ደግሞ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ተጠምቆ፣ ሃያ ቀን ተርፏት በሰላም ሥራዋ ትገባ ነበር! ይህን ባሰብኩ ቁጥር እብድ እሆናለሁ። አማቷ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጅቱ ሳትጠመቅ፣ አንቺም ቤተ ክርስቲያን ሳትገቢ፣ ከደጅ አትወጪም! ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ክንዱ ደግነቱ ለእናቱም ጭምር ስለሆነ ዝም አለ።

የትነበርሽ እኔን ላከችኝ። «አበቡ፣ በሞቴ፣ ለአቶ ገብረ ኢየሱስ ንገሪልኝ፤ ሃያ ቀን ያለ ደመወዝ ይጨምሩልኝ» አለች። አቶ ገብረ ኢየሱስ ያኔ ሥራ አስኪያጃችን ነበሩ። ነገርኳቸው። «እናያለን» አሉ። «እናያለን» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ያመጣውን ሰው ባገኘው! እኔም «እናያለን ብለዋል» ብዬ ነገርኳት፤ እሷም እሺ ያሏት መሰላት። ሄለን በተጠመቀች ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፀጉሯን ተሠርታ ስትመጣ የስንብት ደብዳቤ ጠበቃት። በተከታታይ አምስት የሥራ ቀን ቀርታለች፣ በማስታወቂያም ተጠርታ አልመጣችም ይላል።

ትከራከራለች ብዬ ነበር፤ አልተከራከረችም። «ይሁን፣ ልጄን ላሳድግ» ብላ ሄደች። ከዚያ ሁለት ወንዶች ተከታተሉ፤ ሁለቱም በአርባ ቀናቸው ተጠመቁ። ያኔ ግን የምትመለስበት ሥራ አልነበራትም።

እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ። ዘንድሮ ትንሹ ትምህርት ቤት ገባ። የክንዱ ባጃጅ ደግሞ ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ የሚውልበት ቀን ይበልጣል። የትነበርሽ በየሰሌዳው፣ በየግንቡ የተለጠፈ የሥራ ማስታወቂያ ስታነብ ሁለት ወር ከርማ፣ የሄለንን አሮጌ ደብተር ይዛ ቢሮዬ መጣች። በጀርባው በኩል መስመር አስምራ ሥራውን ከነደመወዙ ጽፋዋለች። መቼም ቀያሽ ናት፣ ሁሉ ነገር ይለካል።

«ሳንጃ፣ ሰሊጥ መጋዘን፣ ሚዛን ተቆጣጣሪ» ብላ አነበበችልኝ። «ከነበረሃ አበሉ ዘጠኝ ሺህ።»

«ልጆቹስ?»

«እሱን አስቤዋለሁ። እዚህ ለሞግዚት አራት ሺህ፣ እዚያ ለኪራይ ሁለት ሺህ ተኩል። የሚተርፈኝ እዚህ አራዳ ትምህርት ቤት መጻሕፍት አዳይ ሆኜ ብገባ ከማገኘው ያንሳል። እሱም አራት ሺህ ሁለት መቶ ነው። ለጥበቃው እንኳ ከዚያ የበለጠ ይከፍላሉ።»

«ኧረ ወዲያ! ሌላስ?»

«የእናንተው መሥሪያ ቤት። ጀማሪ ቀያሽ፣ ዜሮ ዓመት። ስድስት ሺህ አምስት መቶ።»

ዜሮ ዓመት! የድብ ባሕርን መንገድ ያወጣች ሴት፣ የአርባ ዓመት ሴት፣ ትናንት ከተመረቁ ልጆች ጋር ተሰልፋ! ልናገር ስል እጇን አነሳችብኝና የመጨረሻውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። ወደ ደባርቅ የሚወስድ መንገድ የሚሠራ ተቋራጭ፣ ስድስት ዓመት ልምድ ያለው ቀያሽ ይፈልጋል። አሥራ ስድስት ሺህ። ቢሮው እዚሁ ከተማ፤ መስክ በወር አንድ ሳምንት ብቻ፣ ያቺን ሳምንት እናቷ ልጆቹን ትይዝላታለች። ከእኔ ደመወዝ ይበልጣል፤ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

«ስድስት ዓመት ከአንድ ወር ሠርቻለሁ» አለች። ፊቷ በርቷል፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንዲያ ሆና አየኋት። «የልምድ ደብዳቤ ብቻ ስጡኝ። ምዝገባው ነገ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል።»

እኔ አሁን የሰው ሀብት ክፍል ኃላፊ ነኝ። «ይህማ የእኔ ሥራ ነው» ብዬ ደረቴን ነፍቼ መዝገብ ቤት ገባሁ። ፋይሏ ከታች፣ አቧራ ውስጥ ነበር። ገለጥኩት። ከስንብቱ ደብዳቤ ሥር ያ የጥሪ ማስታወቂያ አለ፤ «በአምስት ቀን ውስጥ ቀርበው ሪፖርት እንዲያደርጉ» የሚለው። ከግርጌው የጻፈችው ሰው ስም በአጭሩ፣ በሁለት ፊደል ሰፍሯል፤ የእኔው ነው። ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ፣ «በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳ ተለጥፏል» ይላል። የእጅ ጽሕፈቱም የእኔ ነው።

ረስቼው ነበር ብዬ ልማል? አልምልም። እኔ ነኝ የተየብኩት፣ ሙጫ ቀብቼ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ የአጥሚት እህል ይዤ እሷን ልጠይቅ ሄጃለሁ። አማቷ በሩ ላይ ያዙኝና፣ «አራስ ናት፣ ክፉ ወሬ ይዘሽ እንዳትገቢብኝ» አሉ። ይኸማ የአገሩ ወግ ነው፤ አራስ አትደነግጥም። እኔም ወረቀት ነው፣ ስትመጣ ይስተካከላል ብዬ፣ ሕፃኗን ታቅፌ፣ የቀረበልኝን በልቼ፣ ስቄ ወጣሁ። ሰሌዳው ያለው እኛ ግቢ፣ እሷ ያለችው አልጋ ላይ። ማን እንዲያነበው ነበር የለጠፍኩት?

ሮጬ አቶ ሙሉሰው ዘንድ ገባሁ። የዛሬው ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪ ነበር። ለፊርማ የተዘጋጀው የልምድ ደብዳቤ ስድስት ዓመቷን ከጻፈ በኋላ መጨረሻው ላይ፣ «ሥራቸውን ጥለው በመጥፋታቸው ተሰናብተዋል» ይላል። «ይቺን አንዲት መስመር አውጣልኝ» አልኩት። «እኔ ነኝ ያልነገርኳት፣ እመሰክራለሁ።»

«ወይዘሮ አበቡ፣ ደብዳቤው ፋይሉ የሚለውን ነው የሚለው። ነገ ቢጣራ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አለና ፈረመበት።

ያበገነኝ ልክ መሆኑ ነው። ቢያጠፋ ኖሮ እሰድበው ነበር።

የትነበርሽ ደብዳቤውን ተቀብላ፣ እዚያው ቆማ አነበበችው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሄደች። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሳ መጣች። የተቋራጩ ሰው ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ነው ያነበበው አለችኝ። «ጥሎ የሚጠፋ ሰው መስክ አናሰማራም» ብሎ መለሰላት። ስለ ስድስቱ ዓመት አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃት።

«ያ የስንብት ደብዳቤ፣ በማስታወቂያ ተጠርታ ይል ነበር» አለች። «አይተሽው ነበር?»

ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሙጫውን ሳይቀር። ስጨርስ፣ «አራስ ነበርሽ እኮ፣ የትነበርሽ። እንዴት አድርጌ ልንገርሽ?» አልኳት።

ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ በወደድኩ። ያቺ የማይሰማው ድምፅዋ እንደዚያ ቀን ተሰምቶኝ አያውቅም።

«አራስነቴ በሰማንያ ቀን አለቀ፣ አበቡ» አለችኝ። «አሥራ ሁለት ዓመቱን ምን ሆኜብሽ ነው?»

ስንት ጊዜ ቤቷ ገብቼ ወጥቻለሁ። ሁለቱን ወንዶች ስትወልድም ሄጄ ጠይቄያታለሁ። በየጊዜው ደመወዜ ሲጨመር ለእሷ ነግሬያታለሁ፣ እሷም እሰይ ብላኛለች። ማስታወቂያውን ግን አንድ ቀን አላነሳሁትም፤ ያኔ ነግሬያት ቢሆን ሄዳ የሚከራከርላት ሰው ትፈልግ ነበር፣ ውሳኔውም ሊፈርስ ይችል ነበር።

ጠረጴዛዬ ላይ የጀማሪ ቀያሽ ማመልከቻ ተከምሯል፤ የሚመዘግበው የእኔ ክፍል ነው። አንዱን መዝዛ ቆማ ትሞላ ጀመር። ስም፣ ዕድሜ፣ የልጆች ብዛት። የሥራ ልምድ የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ።

«ስድስት ዓመት ብዬ ብሞላ ደብዳቤ ትጠይቂኛለሽ» አለች።

እጠይቃታለኋ፤ ሥራዬ ነው።

«የለኝም» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን ገፋችልኝ። ስድስት ሺህ አምስት መቶ፣ ያልኳችሁ ደመወዝ ይኸው ነው። እሷ ነጠላዋን እያስተካከለች ቆማ ስትጠብቅ፣ እኔ ማኅተሙን አንስቼ መታሁበት።